ቀዳዳ ተራ የት ነው?

ቤታችን ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ እርጥቡ የልብስ ማድረቂያው ነው። ለማሳቅ ብዬ አይደለም። ማታ 3 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር አንዲት ጠብታ ከኮርኒሱ ተለይታ ትመጣና ማድረቂያው አናት ላይ «ጠብ» ትላለች። ከዚያ ዝም። አቆመች ብዬ ዓይኔን ስከድን «ጠብ»። ፎጣ አነጠፍኩላት። ድምፁ ጠፋ፤ ግን ድምፅ የሌለው ጠብታ ከድምፃሙ ይብሳል። ሰው ጆሮውን ቀስሮ የማይሰማ ነገር ሲጠብቅ ይነጋበታል። ፎጣውን አንስቼ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥኩ። ሳህን ቢያንስ ይናገራል።

«አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ጠብታ ውኃ አይደለችም እንዴ? ተኛ እንጂ!» ትለኛለች ባለቤቴ።

ለእሷ አንዲት ጠብታ ናት። ለእኔ ግን ጠብታዋ የመጣችበት መንገድ አለ፤ መንገዱን ደግሞ በገንዘቤ ያስከፈትኩላት እኔ ነኝ።

የአዲስ አበባ ክረምትና ልብስ እንዴት እንደሚኗኗሩ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ልብስ አይደርቅም፤ ይሰነብታል እንጂ። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ትላለች፤ ግቢው በሙሉ ሳፋውን ይዞ ወደ ገመዱ ይሮጣል። ሦስተኛው ካልሲ ሳይሰጣ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ይጠቁራል። «ልብስ!» ብሎ አንዱ ይጮኻል። ግቢው በሙሉ ተመልሶ ይሮጣል። ቤቱ የሌለ ጎረቤትን ልብስ ማስገባት በእኛ ሰፈር ከዕድር ቀጥሎ ያለ ግዴታ ነው። በዚህ ሩጫ መሐል ተቀያይሮ የጎረቤቴን ሱሪ ለብሼ ሥራ የሄድኩበት ቀን አለ፤ እሱም ለካ የኔን ለብሶ ውሏል፤ ማታ በራፍ ላይ ተያየንና ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር አወራን። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም። ዩኒፎርሙ ከሰል ምድጃ ላይ ይደርቅና ልጁ ቡና እንደተቆላበት ጓዳ እየሸተተ ክፍል ይገባል። ክፍሉ በሙሉ እንደዚያው ስለሚሸት ግን ማን ማንን ይወቅሳል?

አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ አንድ እሑድ በስልክ ቪዲዮ ስታየኝ ከኋላዬ ወንበሩ ላይ ነጠላ፣ በሩ ላይ ሱሪ፣ ፍሪጁ ላይ ካናቴራ ተንጠልጥሏል።

«ወንድም ጋሼ፣ አሁንም በፀሐይ ነው የምታደርቁት?» አለችኝ።

በፀሐይ ቢሆንማ ምን ቸገረን!

እሷ አዲስ ገዝታ ኖሮ አሮጌውን ከሰው ዕቃ ጋር በኮንቴይነር ላከችልን። ባሕር ተሻግሮ፣ በጅቡቲ ዞሮ፣ ከወራት በኋላ መርካቶ፣ ሰባተኛ አስፋልቱ ዳር ወረደ፤ ከዚያ በአራት ተሸካሚ ወደ ውስጥ ገባ። ግቢያችን ውስጥ በዕድሜ ትልቋ እማማ ናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩት።

«እንጀራ ይጋግራል?»

«አይ እማማ፣ ልብስ ያደርቃል።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ፀሐይስ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋቸውም።

የኮረንቲውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ ማድረቂያ ሁለት ዓይነት ኮረንቲ ይጠጣል፤ ማሞቂያው 240 ቮልት፣ ሞተሩ 120። የእኛ 220 ነው። ማሞቂያው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ይስማማዋል፤ ሞተሩ ግን በቀጥታ ቢሰጠው ስለሚቃጠል ለብቻው ትራንስፎርመር ተገዛለት። በዚያ ላይ የእነሱ ኮረንቲ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ የእኛ 50 ጊዜ ስለሆነ የሞተሩ ፍጥነት በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀነሰ። እህቴም አገር ቤት ስትመጣ በሁለተኛው ሳምንት እንደዚሁ ነው የምትሆነው። 5,000 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ከእንጀራ ምጣድ ጋር አብሮ ከተከፈተ ቤቱ ይጨልማል፤ እሱንም በተራ እየጋገርን፣ በተራ እያደረቅን ቻልነው። ያቃተን ንፋሱ ነው።

ማድረቂያ ማለት እርጥብ ልብስ ላይ ትኩስ ንፋስ የሚነፋ ሣጥን ነው። ውኃው አይጠፋም፤ እንፋሎት ሆኖ ከንፋሱ ጋር ይወጣል። መውጫ ካላገኘ ክፍሉን አልቦ ግድግዳውን ያሻግተዋል፤ ልብስህን አድርቆልህ ቤትህን ያርስልሃል። እህቴ መመሪያውን በስልክ አነበበችልኝ። ቧንቧው ባለ 4 ኢንች፣ ውስጡ ልሙጥ ብረት ይሁን። ርዝመቱ ከ35 ጫማ፣ ማለትም ከ10 ሜትር ተኩል ብዙም አይለፍ፤ በታጠፈ ቁጥር ደግሞ 5 ጫማ ይቀነስለት። የብሎን ጫፍ ወደ ውስጥ አይውጣ፤ የልብስ ብናኝ ይይዛል። ኮርኒስ ውስጥ ፈጽሞ አይለቀቅ። አፉ ላይም ወንፊት አይደረግ፤ ብናኙ ይደፍነዋል፣ የታፈነ ብናኝ ደግሞ እሳት ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት በማድረቂያ ሳቢያ በዓመት 2,900 ያህል የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ይነሳ እንደነበር ገምቷል፤ ከምክንያቶቹ ቀዳሚው ብናኙን አለማጽዳት ነው።

«ወንፊት ካልተደረገበት አይጥስ?» አልኳት።

«እናንተ ጋ አይጥ ጣሪያ ላይ ይወጣል እንዴ?» አለችኝ።

እዚሁ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚሁ ኮርኒስ ሥር አይጦቹ ሲራወጡ እየቆጠረች እንቅልፍ የወሰዳት ልጅ!

እሺ፣ ቧንቧው በየት ይውጣ? የግራው ግድግዳ የጎረቤት ነው። የቀኙም እንዲሁ። የኋላው ግድግዳ የሌላ ሰው ጓዳ ነው። በፊት ለፊት ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ በጎኑ የሚሄድበት ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ንፋስ ብለቅ አላፊ አግዳሚውን ማድረቄ ነው። መርካቶ ውስጥ ባለቤት ያላየሁለት አንድ አቅጣጫ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ሰማይ ነው። ጣሪያው ይቀደድ ተባለ።

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ። የመርካቶ ልጅ ደግሞ አንድ እምነት አለው፤ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ተራ አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንስቶ ወደዚህ ሲያዛውረው ሐበሻውን ከነጩ ሊለይ ነበር። ሐበሻው ደግሞ እዚህ መጥቶ ዕቃውን እርስ በርሱ ለየው። ሸማ ለፈለገ ሸማ ተራ፣ ሣጥን ለፈለገ ሣጥን ተራ፣ በርበሬ ለፈለገ በርበሬ ተራ። እርግጥ ሁልጊዜ ስሙን አምኖ አይኬድም። ቦምብ ተራ ሄዶ ቦምብ የገዛ ሰው አላውቅም፤ ዱባይ ተራ ለመግባትም ቪዛ አይጠየቅም። ቢሆንም ዕቃው ካለ ተራው አለ፤ ተራው ከሌለ ዕቃው ገና አልተፈጠረም ማለት ነው።

ለቧንቧው ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ስሙ ራሱ ጥያቄ የሆነ ተራ ነው። «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ከደጃችሁ ያነሳው ጣሳና የተሰነጠቀ ባልዲ መጨረሻው እዚያ ነው። በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይነሳል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም አንዋር መስጊድም ቅርብ ስለሆኑ አፌን እሰበስባለሁ እንጂ፣ ሙታን የሚነሡበት ሰፈር ነው።

መዶሻው ጆሮ በሚበሳበት መሐል አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባባ፣ ባለ 4 ኢንች ቧንቧ ፈልጌ ነበር፣ ከነኮፍያው።»

«የምን ጭስ ነው የሚያወጣው ልጄ?»

«ጭስ አይደለም አባባ። ንፋስ ነው።»

መዶሻቸውን አቆሙ። «ንፋስ?»

«አዎ።»

«ንፋስ ለማስወጣት ነው ይሄ ሁሉ?»

አጠገባቸው የነበሩት ሦስት ሰዎችም መዶሻቸውን አቆሙ። ምናለሽ ተራ ጸጥ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ ንፋስ።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ደረሰ። በርሜሉ ተቀዶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተቆላልፎ፣ ተቀጥቅጦ፤ ያለ አንዲት ብሎን! ያ የአሜሪካ መመሪያ በአማርኛ ተተርጉሞ የደረሳቸው ይመስል ነበር። ደስ ብሎኝ «ቀዳዳውንስ አባባ?» አልኳቸው።

«እኔ ቧንቧ ነው የምሠራው ልጄ። ቀዳዳ የኔ አይደለም።»

ቆርቆሮ ሻጩ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እኛ ያልተቀደደውን ነው የምንሸጠው» አለኝ። ሬንጅና ሲልከን ሻጩ «ቀዳዳውን አምጣውና እንየው» አለኝ። ሲመሽ ተስፋ ቆርጬ አንድ ተሸካሚ ልጅ አስቆምኩና «ቀዳዳ ተራ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። አልሳቀም። ቆም ብሎ አሰበ።

«የጥርስ ነው የጫማ?» አለኝ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ጣሪያ መቅደድ እንዲህ የከበደው በቆርቆሮው ጥፋት ነው። ይህን ሞገድ ሞገድ የሆነ ቆርቆሮ በ1829 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሚባል የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነው። ስስ ብረት እንዲህ ሲታጠፍ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ቀላል ነው፤ ተደራርቦ ይጫናል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ለቆርቆሮው መንገዱ ቀለለትና እኛም ከሥሩ ገባን። ግን አስቡት፤ ቧንቧ ክብ ነው፣ ቆርቆሮው ጎድጓዳና ጉብታ ነው። ክብ ነገር ሞገድ ላይ ሲቆም በጉብታው ይነካል፣ በጎድጓዳው ይከፍታል። ውኃው ደግሞ የሚወርደው በጎድጓዳው ነው።

የአያቴ ቤት ሣር ክዳን ነበር። ሣር ቤት ለጭስ ቀዳዳ አይፈልግም፤ ጭሱ በሣሩ መሐል እየሾለከ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሲወጣም ሣሩን ከተባይ ይጠብቀዋል። ምሰሶው ግን ጣሪያውን በስቶ ይወጣል፤ ልክ እንደኔ ቧንቧ። እና ያፈስ ነበር? አያፈስም። አናቱ ላይ የሸክላ ጉልላት ይደፋበታል። ውኃው ከጉልላቱ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ መሬት ይወርዳል። የላይኛው የታችኛውን ደርቦ ይለብሰዋል፤ ሌላ ጥበብ የለውም። አያቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ውኃ ወደ ታች እንደሚወርድ ግን ያውቅ ነበር።

በመጨረሻ አንድ የሰፈር ልጅ ተገኘ። ዲሽ ይሰቅላል፣ አሸንዳ ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል። ነገሩን ሳልጨርስለት «ፋዘር፣ ችግር የለውም» አለኝ።

በቧንቧው ዙሪያ የሚለበስ ላሜራ አለ። የላይኛው ጠርዙ ከበላዩ ባለው ቆርቆሮ ሥር መግባት፣ የታችኛው ጠርዙ ከበታቹ ባለው ቆርቆሮ ላይ መዋል አለበት፤ የአያቴ ጉልላት ሕግ ነው። ልጁ አራቱንም ጠርዝ ከላይ አነጠፈው፣ በሚስማር መታው፣ ዳር ዳሩን በሬንጅ ለቀለቀው። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ትለጥጠዋለች፤ ሌሊት ብርዱ ይሰበስበዋል፤ ሬንጁ መሐል ቤት እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ግንቦት ላይ ችግር አልነበረውም። ግንቦት ላይ ማን ችግር አለው? ሰኔ ገባ፣ ጠብታዋም ገባች። ደወልኩ። «ፋዘር፣ ችግር የለውም፣ ሬንጅ እንጨምርበታለን።» ጨመረበት። ጠብታዋ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። ደወልኩ። «ችግር የለውም።»

እስቲ ይቺን ቃል አብረን እንያት። የለውም የተባለው ማን ነው? እኔ ብሆን «ችግር የለብህም» ይለኝ ነበር። ጣሪያው ነው እንዳልል ያፈሳል። ይኸው ስንት ዘመን በየሠርጉ ቤት፣ በየጋራዡ፣ በየግንባታው «ችግር የለውም» ስንባባል ችግር የሌለበት አንድ የማናውቀው ሰው አለ። የት እንደሚኖር ባውቅ ቤቱን ሄጄ በተከራየሁ።

በሐምሌ አጋማሽ ጠብታዋን ከምንጯ ልይዛት ብዬ ኮርኒሱን ገልጬ፣ ባትሪ ይዤ አንገቴን አስገባሁ። ቧንቧው አልተገናኘም። ከታች የሚወጣው እዚያ ቀርቷል፣ ከላይ የሚወርደው እዚህ ቀርቷል፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ባዶ አለ። ትኩሱ ንፋስ ሁሉ የሚለቀቀው ኮርኒስ ውስጥ ነበር። የሁለት ወር የልብስ ብናኝ እንደ ተነደፈ ጥጥ የኮርኒሱ ጨርቅ ላይ ተከምሯል፤ በላዩም በፕላስተር የተጠቀለለ የኮረንቲ ገመድ ያልፋል።

እዚህ ላይ መሳቁን ተውኩት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል የሰፈራችን ሰው ደጅ ወጥቶ ነበር ያመሸው። የእሳት አደጋ መኪና በዚያ ጠባብ መንገድ እንደ ልቡ መግባት ሲያቅተው፣ ሰው የዕድሜ ልክ ድካሙ ሲነድ ቆሞ ሲያይ አምሽቷል። እኛ ጣሪያችን ከጣሪያ ጋር የተሰፋ ነው፤ አንዱ ከተያያዘ ሌላው አይጠየቅም። ለልጁ ደወልኩና ያየሁትን ነገርኩት።

«ፋዘር፣ እሱ ችግር የለውም» አለኝ። «አይታይም እኮ!»

አይታይም! ከኮርኒስ በላይ አይታይም። ከሊሾ በታች አይታይም። ከቀለሙ ኋላ አይታይም። መንገዱን አንዱ ቆፍሮ ሌላው አፈር መልሶ ይደለድልበታል፤ ከአፈሩ በታች አይታይም። የሚታየው ብቻ ከሆነ ሥራ የሚባለው፣ እኔ ልጆቼን የማስተኛው ከማይታየው ሥር ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ጮኽኩበት። ግቢው ሰማኝ። እማማ በራቸውን ከፍተው አዩኝና መልሰው ዘጉት።

ልጁ ማታውን ሳልጠራው መጣ። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ባዶ እግሩን ሲወጣ፣ መሰላሉን ይዤ የቆምኩት እኔ ስለ ጠብታዋ ረስቼ ስለ እግሩ መጨነቅ ጀመርኩ። «ቀስ በል አንተ ልጅ!» ወርዶ ቡና ስናጠጣው ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። «ማንም። እያየሁ ነው» አለ። ከዚያ ፈራ ተባ ብሎ «ፋዘር፣ ዋጋውን በግማሽ ሲያስወርዱኝ የሚቀጠለውን ቧንቧ እኮ አላስገዙኝም» አለኝ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እውነት ነው፤ ያለው ሁለት ሜትር ይበቃል ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። በግማሽ ዋጋ ግማሽ ቧንቧ ሠራልኝ። ያንኑ ማታ ክፍተቱን ቀጠለው፣ ብናኙን በማዳበሪያ ሞልተን አወጣነው።

ጠብታዋ ግን አለች። እሷን ለማስቆም የላይኛውን ቆርቆሮ ማንሳት ያስፈልጋል፤ የላይኛው ቆርቆሮ የሦስት ጎረቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ የቀበሌ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ጣሪያውም አብሮ ሄዷል። ጣሪያው የመንግሥት፣ ዝናቡ የእግዜር፣ ቀዳዳው የኔ። ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ።

«ጣሪያችን ያፈሳል።»

«ምን ሆኖ?»

«ተቀዶ።»

«ማን ቀደደው?»

ለመድፈን ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ መቅደዱን ማመን አለበት። «ማመልከቻ ይዘው ይምጡ» ተባልኩ። ማመልከቻውን ጀምሬዋለሁ፤ «ጉዳዩ፦» የሚለው ላይ ደርሻለሁ።

ትናንት እማማ የታጠበ ስንዴ በሰፌድ ይዘው መጡ። «ያ ፀሐይህ ዛሬ ይሞቃል?» አሉኝ። ከፈትኩላቸው። ሰፌዱን ማድረቂያው አናት ላይ፣ ከሳህኔ ፈቀቅ አድርገው አስቀመጡት። ሳህኑ ትንሽ ሆኖብኛል፤ ነገ ሳፋ ልገዛ ወጣ እላለሁ። በዚያው አባባ ጋ ጎራ ብዬ ጉልላት ይሠሩ እንደሆን እጠይቅ ይሆናል፤ ይሁንና እንደገና «ለምን?» ቢሉኝ ያን ሁሉ ንፋስ ከመጀመሪያው ማውራት ነው።

ለነገሩ ያ ተሸካሚ ልጅ የጥርስ ነው ወይ ሲለኝ የት እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ሰሞኑን ሌሊት ተጋድሜ ሳዳምጥ፣ በግራ በኩል አንዲት መንጋጋ ጠዝጠዝ ታደርገኛለች።